የፓነል ሙቀትና ቮልቴጅ፦ ከድሬዳዋ የፊዚክስ ተለማማጆች ገለጻ የተያዘ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኔ፣ ሰኞ

የተግባር ልምምዳችን የመጨረሻ ግዴታ ገለጻ ነው። አብራኝ የምትሠራው የሐረር ልጅና እኔ የሠራነውን በአንድ ፖስተርና በ10 ደቂቃ ንግግር አቅርበን ለተጨማሪ 5 ደቂቃ ጥያቄ መመለስ ይጠበቅብናል። አድማጮቹ መምህራን ብቻ አይደሉም፤ በከተማው ሶላር የሚሸጡና የሚገጥሙ ባለሙያዎችም ተጋብዘዋል። ርእሳችን ተወስኖ ልኬቱም ተጀምሯል፦ የሶላር ፓነል ሲሞቅ ቮልቴጁ በምን ያህል እንደሚወርድ፣ ፓነሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተጣብቆ ሲተኛና ከፍ ብሎ ከሥሩ አየር ሲያገኝ ምን ልዩነት እንዳለ ማሳየት ነው። የልኬቱ ዝርዝር በሪፖርቱ ስለሚገባ እዚህ የምመዘግበው ልኬቱ ወደ ገለጻ የተለወጠበትን መንገድ ነው።

ከወዲሁ የታየን ችግር አንድ ነው። ድሬዳዋ ላይ ቆሞ «ሙቀት የፓነልን ጉልበት ይቀንሳል» ማለት ለብዙ ሰው እርስ በርሱ የሚጣረስ ንግግር ነው። ብርሃንና ሙቀት ከአንዲት ፀሐይ አብረው ስለሚመጡ አድማጩ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ይቆጥራል፤ ፀሐይዋ ባነደደች ቁጥር ፓነሉ የሚበረታ ይመስለዋል። ገለጻችን ይህን ካላላቀቀ ግራፉ ምንም ያህል ቢያምር ጥቅም የለውም።

ሰኔ፣ ረቡዕ

ፓነሉ የ100 ዋት ሲሆን 36 የሲሊከን ሴሎች በተከታታይ ተያይዘውበታል። ከጀርባው የተለጠፈው ወረቀት ጭነት ሳይኖረው 22 ቮልት እንደሚሰጥና ይህም በየአንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.35 በመቶ እንደሚቀንስ ይናገራል። ቁጥሮቹ የተለኩት ግን የፓነሉ ሙቀት 25 ዲግሪ፣ ብርሃኑ ደግሞ 1,000 ዋት በካሬ ሜትር ሆኖ ነው። እዚህ በቀትር ፀሐይ ላይ የቆየ ፓነል ከጀርባው ሲለካ ወደ 60 ዲግሪ ይጠጋል።

ለገለጻው የሚሆነውን መረጃ ለማግኘት ሁለት መንገድ ነበረ። አንደኛው ከጧት ጀምሮ እስከ ቀትር በየጊዜው መለካት ነው፤ ይህ ቀላል ቢሆንም ብርሃኑም ሙቀቱም አብረው ስለሚጨምሩ የቮልቴጁ ለውጥ ከየትኛው እንደመጣ ለመለየት ሌላ ስሌት ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ የመረጥነው፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ፓነሉን በካርቶን ሸፍኖ ከጀርባው በእርጥብ ጆንያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ካርቶኑን በአንድ ጊዜ አንሥቶ ፓነሉ ሲሞቅ ቮልቴጁንና ሙቀቱን ጎን ለጎን መመዝገብ ነው። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ብርሃኑ አይለወጥም፤ አለመለወጡንም ከጎን ባስቀመጥነው ትንሽ ፓነል የሾርት ከረንት (ሁለቱ ጫፎቹ በቀጥታ ሲገናኙ በሚፈሰው ከረንት) እናረጋግጣለን፣ ምክንያቱም የሾርት ከረንት ከብርሃኑ መጠን ጋር በቀጥታ የሚሄድ ነውና። ውድ የሆነው የብርሃን መለኪያ በእጃችን ስለሌለ ይህ ትንሽ ፓነል ሥራውን በሚገባ ተክቶታል።

ጆንያው ከጀርባ እንጂ ውሃው ከፊት እንዳይፈስ የወሰንነው በሁለት ምክንያት ነው። ከፊት ብናፈስ «ውሃው አቧራውን አጥቦት እንጂ ስለቀዘቀዘ አይደለም» የሚል ተከራካሪ መነሣቱ አይቀርም። ደግሞም የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ ነው፤ በጀበናና በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር የማያውቅ የድሬ ሰው የለም። በጋለ መስታወት ላይ ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ነጠብጣብ ብርሃኑን ራሱን ይጋርዳል።

ሰኔ፣ ዓርብ

ዛሬ የታየው ነገር ገለጻው በምን ላይ እንደሚቆም ወሰነልን። ካርቶኑ ሲነሣ መልቲሜትሩ (የቮልቴጅና የከረንት መለኪያችን) ወዲያው 21.8 ላይ ወጣ፤ ለአንድ አፍታ ቆመና 21.7፣ 21.6 እያለ ይንሸራተት ጀመር። ማንም ምንም አልነካም፤ ሰማዩም ጥርት እንዳለ ነው። ቮልቴጁ መጀመሪያ ላይ በፍጥነት፣ እየቆየ ግን በዝግታ ወርዶ ከ10 ደቂቃ በኋላ ከ20 በታች ሆነ። ይህ ጊዜ ከተፈቀደልን የንግግር ጊዜ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በገለጻው መክፈቻ ካርቶኑን አንሥተን ቁጥሩ በአድማጩ ፊት ሲወርድ እኛ ምክንያቱን እንናገራለን፤ ንግግሩ ሲያልቅ ቁጥሩም ወርዶ ይጠብቀናል። አማካሪያችን ሐሳቡን ሲሰሙ «እናንተ ልጆች፣ ደመና ቢመጣስ?» አሉ። ደመና ከመጣ ቀደም ብለን የመዘገብነው ግራፍ ፖስተሩ ላይ አለ፤ ከዚያ ያለፈው የሰማዩ ፈንታ ነው።

የቀትሩን ሰዓት በተመለከተ አንድ ነገር መመዝገብ ያስፈልጋል። የአገራችን ሰዓት የተመሠረተው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ሲሆን ድሬዳዋ ከዚያ በስተምዕራብ 42 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በሰኔ ፀሐይ ከፍተኛ ቦታዋን የምትይዘው ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን ከ6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ በኋላ ነው። በዚህ ወር ደግሞ ፀሐይዋ ከአናታችን አልፋ በሰሜን በኩል ስለምትሆን የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በአገራችን ፓነል ወደ ደቡብ አዘንብሎ መግጠም የተለመደ ስለሆነ የእኛን ወደ ሰሜን ዘንበል ማለቱን ያየ ሁሉ ያርመናል። በሰኔ ቀትር ግን ወደ ደቡብ በ15 ዲግሪ ያዘነበለ ፓነል በቀጥታ ከሚመጣው ብርሃን ከ10 በመቶ በላይ ያጣል፤ ዓመቱን ሙሉ ለሚሠራ ፓነል የደቡቡ አቅጣጫ ትክክል ቢሆንም ለእኛ አጭር ሙከራ አይበጅም።

ሰኔ፣ የሚቀጥለው ማክሰኞ

ግራፉን ስንሠራ ዋለን። ሙቀቱ በአግድም፣ ቮልቴጁ በቁም ነው፤ ነጥቦቹም በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ተሰልፈዋል። የመስመሩ ቁልቁለት በየአንዳንዱ ዲግሪ 74 ሚሊቮልት ሲሆን ለ36 ሴሎች ሲካፈል ለአንድ ሴል ከ2 ሚሊቮልት ጥቂት ይበልጣል። ከፓነሉ ወረቀት የሚሰላው 77 ሚሊቮልት ስለሆነ ውጤታችን ከዚያ እምብዛም አይርቅም።

የተከራከርነው በቁሙ ዘንግ ላይ ነው። ባልደረባዬ ዘንጉ ከዜሮ ካልጀመረ ተመልካቹን እናታልላለን አለች፤ እኔ ከዜሮ ከጀመረ መስመሩ ጠፍጣፋ መስሎ የለካነው ነገር ይጠፋል አልሁ። ሁለታችንም እውነት አለን። መጨረሻ ላይ ዘንጉን ከ18 እስከ 22 ቮልት አድርገን፣ ጠቅላላው ቅናሽ ከመነሻው ስንት በመቶ እንደሆነ በዚያው ግራፍ ላይ በጉልህ ጻፍን፤ ዓይን ያጋነነውን ቁጥሩ ያስተካክለዋል። በየነጥቡም ላይ ልኬቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚያሳይ የስሕተት መስመር አለ። መልቲሜትራችን በ20 ቮልት አካባቢ እስከ 0.1 ቮልት ሊሳሳት ይችላል፤ በ10 ዲግሪ ልዩነት የሚመጣው ለውጥ ግን 0.7 ቮልት ስለሆነ ስሕተቱ ውጤቱን አይውጠውም። የሙቀት መለኪያው ሽቦ በአሉሚኒየም ፕላስተር የተለጠፈው በፓነሉ ጀርባ ሲሆን በሙሉ ፀሐይ ላይ ያለ ሴል ከጀርባው በ2 ወይም በ3 ዲግሪ እንደሚበልጥ ይታወቃል፤ ይህንም ከግራፉ ሥር በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጠነዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ጠያቂ እስኪያነሣው መጠበቅ አይገባም።

የምክንያቱ ማብራሪያ ብዙ ረቂቅ በላ። ሲሊከን ውስጥ ኤሌክትሮን ከታሰረበት ተላቆ ከረንት ለመሸከም የሚያስፈልገው ጉልበት 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ብርሃን ይህን ጉልበት ሰጥቶ ኤሌክትሮኑን ይለቀዋል፤ ሙቀትም በጥቂቱ እንዲሁ ያደርጋል። ሙቀቱ የሚለቃቸው ግን ለእኛ የሚጠቅሙ አይደሉም፤ በሴሉ ውስጥ ወደ ኋላ የሚፈሰውን ከረንት ያበዙታል፣ ቮልቴጁንም የሚያወርደው እርሱ ነው። ይህን ለመምህራኑ በቀመር፣ ለባለሙያዎቹ ደግሞ በአንድ ምሳሌ ለማቅረብ ወሰንን፦ ብርሃን በርሜሉን የሚሞላ ቧንቧ ነው፣ ሙቀት ደግሞ የበርሜሉን ቀዳዳ ያሰፋል፤ ቧንቧው ያው ሆኖ ሳለ ውሃው የሚቆምበት ከፍታ ዝቅ ይላል።

ሰኔ፣ ሐሙስ

ታይዋን ወደሚባለው የከተማው ገበያ ወርደን ቀይ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ የቮልት መለኪያ ገዛን። የመልቲሜትሩ ቁጥር ከሁለተኛው ረድፍ አልፎ አይነበብም፤ ከዚህም በላይ ፀሐይ ላይ ሲቆይ መስኮቱ ይጠቁራል። አዲሱን በጥላ አስቀምጠን በረጅም ሽቦ ከፓነሉ ጋር አገናኘነው። ከመልቲሜትሩ ጋር ሲመሳከር ልዩነታቸው ከአንድ አሥረኛ ቮልት አላለፈም።

ሰኔ፣ ቅዳሜና እሑድ

ባልደረባዬ ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ ትንሿን ፓነልና መልቲሜትሩን ይዛ ሐረር ላይ ለካች። ሐረር ከድሬዳዋ ወደ 700 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት የወጣ ሰው ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል። ውጤቱ ደስ የሚል ቢሆንም ፖስተሩ ላይ አላስገባነውም፤ ፓነሉ ሌላ፣ ነፋሱ ሌላ፣ ቀኑም ሌላ ስለሆነ ከድሬዳዋው ጎን ሲቀመጥ የማይገባውን ክብደት ያገኛል። እሷ ቅር ብሏታል፤ ከጠየቁን በቃል እንናገረዋለን ተባብለናል።

ሰኔ፣ ሰኞ

የገለጻው ልምምድ ለአንድ በከዚራ አካባቢ ሶላርና ባትሪ ለሚጠግን ባለሙያ ቀረበ። ከሁሉም ቀን የዛሬው ይበልጣል። ሰውዬው ዝም ብሎ አዳመጠ፣ ቁጥሩ ሲወርድም አየ፤ ስንጨርስ እንዲህ አለ፦ «አቦ፣ ጥሩ ነው። ግን ይሄ ባዶ ቮልቴጅ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? የደንበኛዬ ባትሪ 12 ቮልት ነው። 22 ቢሆን 19 ቢሆን ባትሪው መች ያውቃል?»

ጥያቄው ፖስተሩን ግማሽ ያስቀየረ ነው። በብዙ ቤት ያለው ርካሹ ቻርጅ ኮንትሮለር (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ዕቃ)፣ ፒ.ደብሊው.ኤም. የሚባለው፣ ፓነሉን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ያገናኘዋል፤ ፓነሉም በባትሪው ቮልቴጅ፣ ማለትም ከ12 እስከ 14.4 ቮልት ባለው ውስጥ፣ እንዲሠራ ይገደዳል። ፓነላችን ከፍተኛውን ኃይል የሚሰጠው በ25 ዲግሪ ወደ 18 ቮልት አካባቢ ሲሆን በ60 ዲግሪ ይህ ነጥብ ወደ 15 ይወርዳል። 15 አሁንም ከ14.4 ይበልጣል። ስለዚህ በዚህ ኮንትሮለር ሙቀቱ የሚወስደው ቮልቴጅ ቀድሞም ጥቅም ላይ የማይውለውን ነው፤ ባለቤቱ ጉዳቱን እምብዛም አያየውም። ኤም.ፒ.ፒ.ቲ. የተባለው ኮንትሮለር ያለው ሰው ግን ፓነሉን ሁልጊዜ በከፍተኛው የኃይል ነጥብ ስለሚያሠራው ሙሉ ቅናሹ ይደርሰዋል፦ ለሲሊከን በተለመደው በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ የኃይል ቅናሽ ብናሰላ፣ ከ25 ወደ 60 ዲግሪ የሞቀ የ100 ዋት ፓነል 14 ዋት ያህል ያጣል። ለ12 ቮልት ባትሪ የሚሠሩ ፓነሎች 36 ሴል እንዲኖራቸው የተደረገበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ሴሎቹ ከዚህ ቢያንሱ በሞቃት አገር ቀትር ላይ ባትሪውን ለመሙላት የሚበቃ ቮልቴጅ አይተርፍም ነበር።

ሰውዬው ይህን ስንነግረው ራሱን ነቀነቀና «እሱን ነው መጻፍ ያለባችሁ» አለ። ተጽፏል። «የትኛው ተጠቃሚ ምን ያጣል?» የሚለው ሳጥን ከታች ጥግ ተነሥቶ ወደ ፖስተሩ መሐል መጥቷል፤ ስለ ሲሊከን ታሪክ የነበረው አንቀጽ ወጥቷል።

አማካሪያችን ሌላ ስጋት ጨምረዋል። አድማጩ «እንግዲያው ፓነሉን ጥላ ሥር ላድርገው» ብሎ ሊሄድ ይችላል። ብርሃን በግማሽ ሲቀንስ ከረንቱ በግማሽ፣ ኃይሉም በግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ሙቀቱ የሚወስደው ግን ከ100 ዋት 14 ያህሉን ብቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ስላይድ ስለ ጥላ ምንም አይልም፤ የሚለው ስለ አየር ነው። በብሎኬት ከፍ አድርገን ያስቀመጥነው ፓነል ቆርቆሮው ላይ ከተኛው እስከ 10 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ይህም በስሌት ለ100 ዋት ፓነል 4 ዋት ገደማ ነው። ትርፉ ትልቅ አይደለም፣ ወጪው ግን ከብሎኬት አይበልጥም፤ ከዚህ በላይ አግንነን መናገር ተገቢ አይደለም።

ሰኔ መጨረሻ፣ ረቡዕ

ኅትመት። ፖስተሩ 84 በ119 ሴንቲ ሜትር ነው። ጧት የሄድንበት ማተሚያ ቤት ፋይላችንን ሲከፍተው የግእዙ ፊደል በሙሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆነ፤ ፊደሉ በእነርሱ ኮምፒውተር የለም። ወደ ፒዲኤፍ ለውጠን እስክንመለስ ቀትር ሆነ፣ በድሬ ቀትር ማለት ደግሞ ሱቅ ተዘግቶ ከተማው ወደ ጥላና ወደ በርጫ የሚገባበት ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ ተከፍቶ ሲመሽ ታተመ። ቀለሙ ጥሩ ነው፤ ቀዩ መስመር ብቻ ወደ ብርቱካን አድልቷል።

ሐምሌ፣ የገለጻው ቀን

ገለጻችን ለ5 ሰዓት ተኩል ተያዘ። አድማጮቹ ከግቢው የኒም ዛፍ ሥር፣ ፓነሉ ከእነርሱ ፊት ፀሐይ ላይ፣ ቀዩ ቁጥር ጥላው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ። ጆንያው ከማለዳ ጀምሮ በጀሪካን ውሃ እየራሰ ነበር። ባልደረባዬ ካርቶኑን አነሣች፤ እኔ መናገር ጀመርሁ። ሰው ሁሉ የሚያየው ፖስተሩን ሳይሆን ቁጥሩን መሆኑ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ታወቀኝ፤ አንድ አዛውንት «ሃያ አንድ ነጥብ ሁለት» እያሉ ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። ይህ ንግግሬን ያቋርጠኝ ነበር ማለት አይቻልም፤ ይልቁንም ምክንያቱን ስናገር ሰው አስቀድሞ ጥያቄው በውስጡ ስለነበረ ረጅም መግቢያ አላስፈለገም።

ሰባተኛው ደቂቃ አካባቢ ስስ ደመና መጣ። የትንሿ ፓነል ከረንት በግማሽ ወረደ፤ ቀዩ ቁጥር ግን ከግማሽ ቮልት ጥቂት ብቻ አልፎ ቀነሰ። ቮልቴጅ ብርሃንን የሚከተለው በሎጋሪዝም፣ ማለትም ብርሃኑ ብዙ ሲለወጥ እርሱ በጥቂቱ ብቻ የሚለወጥ፣ ስለሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ለ36 ሴሎች ያለው ለውጥ በስሌት 0.65 ቮልት አካባቢ ነው። ደመናው ሳይገፈፍ ጥቂት ሲቆይ ፓነሉ ቀዘቀዘና ቁጥሩ መልሶ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። አንድ የሶላር ነጋዴ «ፀሐይ ተሸፍና እንዴት ይጨምራል?» ሲል ጠየቀ። ባልደረባዬ በአንድ እጇ የከረንቱን መልቲሜትር፣ በሌላ እጇ ቀዩን ቁጥር አንሥታ ኃይል የሁለቱ ብዜት መሆኑን፣ ቮልቴጁ ቢጨምርም ኃይሉ በግማሽ ገደማ መውረዱን አሳየች። ከመምህራኑ አንዱ በሶማሊኛ፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ ለጎረቤቶቻቸው ሲያስረዱ ሰማሁ።

የመምህራኑ ጥያቄ የተጠበቀው ነበር፦ ስለ ስሕተት መስመሮቹ፣ ስለ ጀርባው ሙቀት፣ ስለ ነፋስ። የነፋሱን ፍጥነት አልለካንም፤ የ10 ዲግሪው ልዩነት ጸጥ ባለ ቀን የተገኘ መሆኑን ግን ፖስተሩ ይገልጻል። አንድ መምህር «ጭነት ላይ ያለ ፓነል ከባዶው ይቀዘቅዛል፣ የወሰደው ብርሃን ከፊሉ በኤሌክትሪክ ወጥቶ ይሄዳልና፤ አስባችሁበታል?» አሉ። እውነት ነው፤ ልዩነቱም ጥቂት ዲግሪ ነው። ስለ ሐረር የጠየቀ አልነበረም።

ሐምሌ፣ ዓርብ

ሪፖርቱ ተጠናቋል። የመምህሩ ጥያቄ «ወደፊት» በሚለው ክፍል ገብቷል፦ የሚቀጥሉት ተለማማጆች ሁለት ተመሳሳይ ፓነሎችን፣ አንዱን ባዶ ሌላውን በኤም.ፒ.ፒ.ቲ. ኮንትሮለር ጭኖ፣ በአንድ ቆርቆሮ ላይ ጎን ለጎን ይለካሉ፤ ነፋስ መለኪያም ያስፈልጋቸዋል። ጥሬው ሠንጠረዥ ከነሰዓቱ በአማካሪያችን ኮምፒውተር ተቀምጧል፤ ቀዩ የቮልት መለኪያ ለላብራቶሪው ተሰጥቷል። ፖስተሩን ያ የከዚራ ባለሙያ ለሱቁ ግድግዳ ለምኖን ወስዶታል፤ የኮንትሮለሩን ሳጥን ደንበኛ ሲመጣ እያሳየ ለማስረዳት እንደሚጠቀምበት ነግሮናል።